ፖል ጋሊኮ ስፖርትን እውነት ተሰናብቶታል? አንድ ጥያቄና ሃያ አንድ መልሶች

ይህን የውይይት ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። ዘግይተው ለሚደርሱ አንባቢዎች እንዲመች በመጀመሪያ ያቀረብኩትን ሐሳብ ልድገመውና ከዚያ በኋላ የተሰጡትን መልሶች በተራ ቁጥራቸው ልተርክ።

ጥያቄዬ ስለ አሜሪካዊው ጸሐፊ ፖል ጋሊኮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1897 ኒው ዮርክ ተወለደ፤ በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ የ«ዴይሊ ኒውስ» ጋዜጣ የስፖርት ክፍል አዘጋጅና ዓምደኛ ሆኖ በከተማው ዳጎስ ያለ ደመወዝ ከሚከፈላቸው የስፖርት ጸሐፊዎች አንዱ ለመሆን በቃ። በ1936 ግን አርባ ዓመት እንኳ ሳይሞላው ሁሉንም ትቶ ወደ አውሮፓ ሄደ። አንድ አጭር ልቦለዱን ለፊልም ሠሪዎች በ5,000 ዶላር ሸጦ ስለነበር ለጊዜው የሚኖርበት አላጣም። ከሁለት ዓመት በኋላ «ፌርዌል ቱ ስፖርት»፣ ማለትም «ስንብት ለስፖርት»፣ የተባለውን መጽሐፉን አሳተመ፤ ከዚያ ወዲህ አብዛኛው አንባቢ የሚያውቀው በልቦለድ ደራሲነቱ ነው። እኔ ያልኩት ደግሞ ይህ ስንብት ከመጽሐፉ ሽፋን አላለፈም ነው። በአንድ ቁጭታ የሚያልቅ ርዝመት፣ አንድና አንድ ስሜት ላይ ማነጣጠር፣ አንባቢውን በመጀመሪያው አንቀጽ ጨብጦ እስከ መጨረሻው አለመልቀቅ፣ እነዚህ ሁሉ ለጋዜጣ ሲጽፍ የያዙት ልማዶች ናቸው፤ የልቦለዶቹ ጥንካሬም ሆነ ድክመት ከዚያ የመጣ ይመስለኛል። የሚስማማም የማይስማማም ሐሳቡን እንዲሰጥ ጋበዝኩ።

መልስ 1 የተላከው ከአንድ ትሑት አንባቢ ነበር። ለመክፈቻው ካመሰገኑ በኋላ «ፖሰይደን አድቬንቸር» የተባለውን፣ ጋሊኮ የጻፈውን የተገለበጠች መርከብ ታሪክ በፊልም እንዳዩት፣ የጸሐፊውን ስም ግን ከዚህ በፊት ሰምተው እንደማያውቁ ገልጸው፣ ሰውየው ከየት ተነሥቶ የስፖርት ጸሐፊ እንደሆነ የሚያውቅ ካለ እንዲያጫውታቸው ጠየቁ።

መልስ 2 ይህንኑ አሟላላቸው። የጋሊኮ አባት ፒያኖ ተጫዋችና የሙዚቃ መምህር ነበር፤ እናትና አባቱ ልጁ ከመወለዱ ጥቂት ቀደም ብለው ከአውሮፓ የመጡ ስደተኞች ናቸው። እሱ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተማረ፤ የጀልባ ቀዘፋ ቡድኑም አምበል ነበር። ወደ «ዴይሊ ኒውስ» የገባው በስፖርት ሳይሆን በፊልም ሐያሲነት ነው። የጋዜጣው ባለቤት ጆሴፍ ሜዲል ፓተርሰን ግን የሒሶቹን የብልጣብልጥ ቃና አልወደደውምና ከቦታው አስነሣው፤ ስፖርት ክፍሉም መጠጊያ ሆነው። ጸሐፊው በዚያው ላይ ጋሊኮ «ጎልደን ግላቭስ» የተባለውን የአማተር ቦክስ ውድድር ከምንም ተነሥቶ የፈጠረ ሰው ነው ሲሉ አከሉ። ይህች የመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር ኋላ ላይ ዋጋ አስከፍላቸዋለች።

መልስ 3 በአድናቆት የተሞላ ነበር። ጋሊኮ ስመ ጥር የሆነው ከከባድ ሚዛን የዓለም ሻምፒዮኑ ከጃክ ዴምፕሲ ጋር ለልምምድ ቦክስ ገጥሞ በመዘረሩ እንደሆነ አነሡ፤ ጊዜውን ግን ዴምፕሲ ከጂን ተኒ ጋር ሊገናኝ በተዘጋጀበት በ1926 አደረጉት።

መልስ 4 ሁለቱንም አረመ፤ ቃናውም ትንሽ ቆምጠጥ ያለ ነበር። ግጥሚያው የተካሄደው በ1923 ሳራቶጋ ስፕሪንግስ በነበረው የዴምፕሲ የልምምድ ሰፈር ነው፤ ዴምፕሲ ይዘጋጅ የነበረውም በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 14 ቀን ለሚገጥመው አርጀንቲናዊ፣ ለሉዊስ ፊርፖ፣ ነው። ፊርፖ በመጀመሪያው ዙር ዴምፕሲን በገመዶቹ መካከል ከመድረክ ውጭ የወረወረው፣ በሁለተኛው ዙር ደግሞ ራሱ የተዘረረው ያን ዕለት ነው። ስለ «ጎልደን ግላቭስ» ሲያነሡም የኒው ዮርኩ ውድድር በ1927 ሲጀመር ጋሊኮ ዋና አስተባባሪው እንደነበር ሳይክዱ፣ «ቺካጎ ትሪቢዩን» ከዚያ አራት ዓመት ቀድሞ ተመሳሳይ የአማተር ውድድር ማካሄዱን አስታወሱ። ከምንም ተነሥቶ ፈጠረ የሚለው አባባል ስፖርት ጸሐፊዎችን ራሳቸውን የሚያስቅ ነው ብለውም ጨረሱ።

መልስ 5 ከክሩ ሁሉ ረጅሙ ነበር፤ እኔም ደጋግሜ ያነበብኩት እሱን ነው። ጸሐፊው የስንብቱን መጽሐፍ በእጃቸው ይዘው ስለዚያ ልምምድ ቦክስ የሚያወራውን ምዕራፍ አንቀጽ በአንቀጽ ተረኩት። ጋሊኮ ቡጢው ሲያርፍበት በራሱ ውስጥ አንድ ነገር ሲቀደድ ተሰማው፤ ወዲያው ጨለመበት። ከዚያ የሚያስታውሰው እግሮቹ ከሥሩ ተጣጥፈው ሸራው ላይ ተቀምጦ እንደ ጅል ፈገግ ሲል ራሱን ማግኘቱን ነው። መድረኩና ተመልካቹ በሰዓት አቅጣጫ አንድ ሙሉ ዙር ዞረው ቆሙ፤ ከዚያ ወደ ኋላ መዞር ጀመሩ፤ እሱም እንዳይወድቅ ወለሉን በሁለት እጁ ይዞ ነበር። ተቀምጦ ሳለ እንዳይወድቅ መፍራቱን ልብ በሉ ይላሉ የ5ኛው መልስ ጸሐፊ። ተነሥቶ ሲንገዳገድ ደግሞ ዴምፕሲ ወደ ራሱ አስጠግቶ አቀፈውና፣ ራሱ እስኪጠራለት ድረስ እንዲጠመጠምበት በጆሮው ሹክ አለው። ነገሩ ሁሉ ሁለት ደቂቃ አልሞላም። ከዚያ በኋላ ጋሊኮ የተዘረረ ቦክሰኛ ፊት ላይ ያችን የጅል ፈገግታ ባየ ቁጥር ምን እንደሆነች ያውቃት ነበር።

የ5ኛው መልስ ጸሐፊ ይህን ሁሉ የተረኩት ከእኔ ጋር በከፊል ላለመስማማት ነው። በእሳቸው ግምት ዓምደኝነት ለጋሊኮ ያስተማረው ርዝመትንና ስሜትን ከመመጠን ይልቅ ስለማያውቀው የሰውነት ሕመም አለመጻፍን ነው፤ ኋላ ልቦለድ ጸሐፊ ሲሆን ግን ይህን ሕግ ራሱ አፍርሶታል ባይ ናቸው። ስለ ዝይና ስለ ድመት ልቦለድ ቢጽፍም፣ ዝይም ሆነ ድመት ሆኖ አያውቅምና።

መልስ 6 አጭርና ጠቃሚ ነበር። ጋሊኮ በዴምፕሲ አላበቃም፤ ኸርብ ፔኖክ የሚወረውረውን ጠማማ የቤዝቦል ኳስ በጓንት ለመቅለብ ሞክሯል፤ ከቪንሰንት ሪቻርድስ ጋር ቴኒስ፣ ከቦቢ ጆንስ ጋር ጎልፍ ተጫውቷል፤ በጋርሚሽ የኦሊምፒክ ቁልቁለትም በበረዶ ሸርተቴ ወርዷል። በ1960ዎቹ አሜሪካዊው ጸሐፊ ጆርጅ ፕሊምፕተን ከባለሙያ ስፖርተኞች ጋር እየተሰለፈ የጻፋቸው መጻሕፍት መነሻቸው ይኸው ነው፤ ፕሊምፕተንም ይህን አልሸሸገም።

መልስ 7 ከሙያው ውስጥ የመጣ ገጠመኝ ነው። ጸሐፊው አንድ ጋዜጣ ላይ በስፖርት ክፍል ሠርተዋል፤ ስሙን አልጠቀሱም። የማታ ጨዋታ ሲኖር ገጹ የሚዘጋው የመጨረሻው ፊሽካ ከመነፋቱ በፊት ስለነበር፣ ሁለት መግቢያ አንቀጾችን አዘጋጅተው ይጠብቁ ነበር፤ አንዱ የድል፣ ሌላው የሽንፈት። አንድ ምሽት ዕረፍት ያጣ አራሚ የሽንፈቱን መግቢያ ከድሉ ውጤት ጋር አጋብቶ አወጣው፤ በማግስቱ ግን አንድም አንባቢ አልደወለም። ከዚያን ቀን ጀምሮ መግቢያ አንቀጽን ማንም አያነብም ብለው ያምናሉ፤ የእኔን የመጀመሪያ አንቀጽ ንድፈ ሐሳብም በዚህ ገጠመኝ አጣጣሉት። ሳቅሁ፤ ግን አልተሸነፍኩም።

በመልስ 8 ላይ ውይይቱ መካረር ጀመረ። ጸሐፊው «ዘ ስኖው ጉስ» የተባለውን፣ እኛ «የበረዶ ዝይዋ» ልንለው የምንችለውን አጭር ልቦለድ አነሡ። በ1940 በ«ሳተርደይ ኢቭኒንግ ፖስት» መጽሔት ወጣ፤ በ1941 ራሱን ችሎ ታተመ፤ ለአጭር ልቦለድ የሚሰጠውን የኦ ሄንሪ ሽልማትንም አገኘ። በእንግሊዝ የኤሴክስ ረግረግ ዳርቻ በተተወ የመብራት ማማ ውስጥ የሚኖር አካል ጉዳተኛ ሠዓሊ፣ የቆሰለች ዝይ ታቅፋ የመጣች ልጅ፣ በመጨረሻም ጀልባውን ይዞ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተከበቡ ወታደሮችን ከፈረንሳዩ የደንከርክ ወደብ ለማውጣት የሄደው ሠዓሊ፤ ይህ ሁሉ በዝግታ የሚፈስስ፣ ዝምታ የበዛበት ታሪክ ነው። ከቡጢ ዘገባ ጋር ማመሳሰል ጆሮ የሌለው ሰው ሥራ ነው አሉ። ጆሮ የሌለው የተባልኩት እኔ ነኝ። ሲቀጥሉም ጋሊኮ ደንከርክን በዓይኑ ያየ የጦር ዘጋቢ ስለነበር ታሪኩ ከስፖርት ሳይሆን ከጦርነት የተወለደ ነው ሲሉ ደመደሙ።

በመልስ 9 እኔው መለስኩ። ጋሊኮ የጦር ዘጋቢ የሆነው በ1944 ነው፤ ስለዚህ ደንከርክን የጻፈው ሰምቶና አንብቦ ነው። ታሪኩን ደግሞ እስቲ በድጋሚ ይዩት አልኳቸው፤ የደንከርኩን ውጊያ በቀጥታ አናየውም፤ የምንሰማው እዚያ ከነበሩ ወታደሮችና መኮንኖች አንደበት፣ በቁርጥራጭ፣ ሲጠጡና ሲያወሩ ነው። ጨዋታው ካለቀ በኋላ የተጫዋቾችን ወሬ እየለቃቀመ ያላየውን ቅጽበት የሚገነባ የስፖርት ጸሐፊ ዘዴ እኮ ይኸው ነው። ይህን ስጽፍ ስለ ጆሮዬ የተባለው ሳያናድደኝ አልቀረም፤ ዛሬ ሳነበው ቃናዬ ከሚገባው በላይ ስለታም ነበር።

መልስ 10 በዚያ ዝይ ታሪክ ላይ ሐያሲያን ገና ከመነሻው ያነሡትን ቅሬታ አመጣ፤ እንባ ያበዛል የሚለውን። ጋሊኮ ራሱ በስተርጅናው ለአንድ መጽሔት በሰጠው ቃለ መጠይቅ መጥፎ ልቦለድ ጸሐፊ መሆኑን፣ የሥነ ጽሑፍ ሰው ነኝ እንደማይል፣ ታሪክ ማውራት ብቻ እንደሚወድ፣ ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት ቢወለድ ኖሮ በየዋሻው እየዞረ ተረት ሲያወራ ይገኝ እንደነበር መናገሩን ጠቀሱ። በእኔ እምነት ከዚህ መልስ የሚበልጥ ደጋፊ አላገኘሁም፤ ጸሐፊው ግን ያቀረቡት እኔን ለመቃወም ነበር።

መልስ 11 የክሩን አየር ለወጠው። ጸሐፊዋ ሁላችንም ሰውየውን ከልክ በላይ እያሞገስን የሸፈንነውን ገጽ ገለጡ። ጋሊኮ ሴት ስፖርተኞችን በመልካቸው እየመዘነ፣ በአብዛኞቹ ስፖርቶች ሲሳተፉ አያምርባቸውም እያለ የጻፈ ሰው ነው። በ1932 የሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ በጦር ውርወራና በ80 ሜትር መሰናክል ሁለት ወርቅ፣ በከፍታ ዝላይ አንድ ብር ያገኘችውን ቤብ ዲድሪክሰንን በብዕሩ ያሳነሳት እሱ ነው። በስንብቱ መጽሐፍም አይሁድ በቅርጫት ኳስ የተሳካላቸው በተንኮለኛ አእምሯቸው ነው የሚል አሳፋሪ አንቀጽ አለ። ሰውነቱን ለቡጢ አጋልጦ የሌላውን ሕመም የተረዳ ሰው፣ የሌላውን ክብር ለመረዳት ያን ያህል ለምን አልደከመም? ጥያቄያቸው ይህ ነበር፤ መልስ እንዲሰጣቸው የጠየቁትም በስም ጠርተው እኔን ነው።

መልስ 12 በችኮላ የተጻፈ መከላከያ ነው። ዘመኑ እንዲያ ነበር፣ የዛሬን ሚዛን በትናንት ሰው ላይ አንጫን የሚለውን የተለመደ መከራከሪያ አነሡ። ይህስ ባልከፋ፤ ነገር ግን እስከዚያ ድረስ እርስ በርሳችን በአንቱታ ስንነጋገር ቆይተን፣ ጸሐፊው 11ኛዋን አስተያየት ሰጪ አንቺ እያሉ መገሠጽ ጀመሩ። መልስ 13 የሰጡት የመድረኩ አስተናባሪ በሁለት መስመር አንቱታው እንዲመለስ አሳሰቡ፤ መለሱትም።

መልስ 14 የተናደዱትን ሁሉ ያረጋጋ ነበር፤ በታሪክ እንጂ በምክር ስላልሆነ ይመስለኛል። ጸሐፊው እንደተረኩት በዚያው በ1932 ኦሊምፒክ ሰሞን ጋሊኮ ከግራንትላንድ ራይስ፣ ከሌሎች ዓምደኞችና ከራሷ ከዲድሪክሰን ጋር ጎልፍ ተጫውቶ ነበር። ራይስ ነገር ቆስቁሶ ሁለቱን በሜዳው ላይ በሩጫ አወዳደራቸው። እሷ ቀድማ ደረሰች፤ እሱ ትንፋሹ ተቆራርጦ፣ እጁ ለቀጣዩ ምት እንኳ አልታዘዝ አለው። ለዴምፕሲ ሽንፈት አንድ ዕጹብ ምዕራፍ የጻፈው ሰው፣ ለዚህኛው ሽንፈት የሰጠው ምላሽ ፌዝ ነበር። ዲድሪክሰን ግን ኋላ ላይ የአሜሪካን የሴቶች ኦፕን የጎልፍ ውድድር በ1948፣ በ1950 እና በ1954 አሸንፋለች፤ የመጨረሻውን ያሸነፈችው የካንሰር ቀዶ ሕክምና ካደረገች በኋላ ነው። 11ኛዋ ጸሐፊ ለጠየቁኝ ጥያቄ ከዚህ የተሻለ መልስ ስላልነበረኝ እዚያው ላይ መስማማቴን ጻፍኩ።

መልስ 15 እንዳጋጣሚ ሆኖ ወደ ድመት ወሰደን። ጋሊኮ ስፖርትን ትቶ በደቡብ እንግሊዝ ሳልኮም በሚባል ቦታ ኮረብታ ላይ ቤት ይዞ ከአንድ ግዙፍ ውሻና ከ23 ድመቶች ጋር ይኖር ነበር። ስለ ድመትም በ1950 ሙሉ ልቦለድ ጽፏል፤ እንግሊዝ ውስጥ «ጄኒ»፣ አሜሪካ ውስጥ ደግሞ በሌላ ርእስ ነው የታተመው። ከዚህ በኋላ ሌሎችም ስለ ድመት ጠባይ ጥቂት ስለጻፉ፣ እነዚያን ከቁጥር ሳላስገባ አልፋቸዋለሁ።

በመልስ 16 አንድ አንባቢ ወደ ጉዳዩ መለሱን። ጋሊኮ ብቻውን አይደለም አሉ። ሪንግ ላርድነር ከቤዝቦል ዘገባ ተነሥቶ በአሜሪካ አጭር ልቦለድ ስሙን ተክሏል፤ ዴመን ረንየንም እንዲሁ የስፖርት ጸሐፊ ነበር፤ የብሮድዌይ ታሪኮቹም ከሞቱ በኋላ በ1950 ለታላቅ የሙዚቃ ቲያትር መነሻ ሆነዋል። ልዩነቱ ሁለቱ የሜዳውንና የመንገዱን ቋንቋ ይዘው ወደ ልቦለድ ሲገቡ፣ ጋሊኮ ቋንቋውን እዚያው ጥሎ መሄዱ ነው። ይህ ትክክል ይመስለኛል፤ ለእኔ ሐሳብም ከባዱ ፈተና እሱ ነው። ጋሊኮ ከዓምዱ የወሰደው ቅርጹን እንጂ አነጋገሩን አይደለም።

መልስ 17 ለእኔ ወገነ። ጋሊኮ እውነት ከተሰናበተ ሉ ጌሪግን ለምን ጻፈ? 2,130 ጨዋታዎችን ሳያቋርጥ የተሰለፈው የያንኪስ ቤዝቦል ቡድን ተጫዋች በነርቭ በሽታ በ1941 ሲሞት፣ ጋሊኮ በማግስቱ ዓመት የሕይወት ታሪኩን አሳተመ፤ በዚያው በ1942 ለወጣውና ጋሪ ኩፐር ለተወነበት ፊልም ባበረከተው ታሪክም ለኦስካር ታጭቷል። በ1965 ደግሞ የ1920ዎቹን ታላላቅ ስፖርተኞች የሚያወሳ መጽሐፍ ይዞ ተመልሷል። ሰላሳ ዓመት ሙሉ ደጃፍ ላይ ቆሞ ደህና ሰንብቱ የሚል ሰው ተሰናባች አይባልም ሲሉ ቀለዱ።

መልስ 18 ይህንኑ ማስረጃ ገለበጠው። በጌሪግ ታሪክ ጋሊኮን የሳበው ጨዋታው አይደለም፤ አንድ የማይደክም የሚመስል አካል ዓይናችን እያየ መክዳቱ ነው። እንደ እሳቸው አስተያየት ሠዓሊውም፣ ዝይዋም፣ ጌሪግም አንድ ታሪክ ናቸው፤ የተጎዳ አካልና በዚያ ውስጥ የቀረ ክብር። ከስፖርት ይዞ የወጣው ይህንን ነው ማለታቸው ከ5ኛው መልስ ጋር አገናኛቸው፤ የ5ኛው ጸሐፊም በአንድ ቃል አጸደቁላቸው።

መልስ 19 ስለ «ፖሰይደን አድቬንቸር» ነበር፤ በ1969 ታትሞ በ1972 በፊልም ስለወጣው። ተሳፋሪዎቹን የሚመራው ቄስ የቀድሞ ስመ ጥር ስፖርተኛ ነው፤ በፊልሙ ላይም በውኃ ውስጥ ዋኝታ ሌሎቹን የምታተርፈው ወፍራም አሮጊት በወጣትነቷ ዋናተኛ ነበረች። ጸሐፊው ከዚህ ተነሥተው መጽሐፉ በመርከብ ውስጥ የተካሄደ ውድድር ነው አሉ፤ ማን ይወጣል፣ ማን ይቀራል፣ ስንት ሰዓት ቀረ።

መልስ 20 የሰጡት የ1ኛው መልስ ጸሐፊ ናቸው፤ ያ የጋሊኮን ስም ሰምተው የማያውቁት ሰው። ከዚያ ሁሉ ወሬ በኋላ ፊልሙን እንደገና ማየታቸውን ጻፉ። መርከቧ ስትገለበጥ ሰዎች ከወለል ወደ ጣሪያ የሚወድቁበት፣ ጠረጴዛው ላይ የተንጠለጠለ ሰው እጁን የሚለቅበት ትዕይንት ላይ ሲደርሱ፣ በ5ኛው መልስ የተነገረው ነገር ትዝ አላቸው፤ በ1923 ሸራ ላይ ተቀምጦ፣ ዙሪያው ሁሉ እየዞረበት፣ ወለሉን በሁለት እጁ የያዘው ወጣት። አርባ ስድስት ዓመት ቆይቶ ያንኑ ወለል ገልብጦ ጻፈው ይሆን ሲሉ ጠየቁ።

መልስ 21 የ4ኛው ጸሐፊ ነው፤ እንደተለመደው አራሚው። የተባለው ማስረጃ አይሆንም፣ ደራሲን በአንድ ቡጢ ማስረዳት አይቻልም አሉ። ነጥባቸው ትክክል ነው፤ እኔም ልከራከራቸው አልሞከርኩም። ነገር ግን መልሳቸውን ከጻፉ ከአንድ ሰዓት በኋላ ከሥሩ አንዲት ጥያቄ ጨመሩ፦ መድረኩ መጀመሪያ የዞረው በሰዓት አቅጣጫ ነበር ወይስ በተቃራኒው? የ5ኛው ጸሐፊ መጽሐፉን ፈልገው እንደሚያረጋግጡላቸው ነግረዋቸዋል።